ስለ እስስትና ስለ ደጋው ደሴት

ደሴት ማለት ዙሪያውን ውኃ የከበበው ምድር ነው። በደሴት ላይ የሚኖር ትንሽ ፍጥረት መሻገሪያ የለውምና በዚያው ተወልዶ በዚያው ይሞታል። በእስጳንያ አጠገብ፥ በሜዲትራንያን ባሕር፥ ማዮርካና ሜኖርካ የሚባሉ ሁለት ታላላቅ ደሴቶች አሉ። በእነዚህ ደሴቶች ጥንት አንዲት ትንሽ እንሽላሊት ትኖር ነበር። ሰዎች ከሌላ አገር ድመትንና ሌሎችንም አራዊት ካመጡ በኋላ ግን ከሁለቱም ጠፋች። ዛሬ የምትገኘው በአጠገባቸው ባሉት ታናናሽ ደሴቶች ብቻ ነው።

የጎጃምም ደጋ ደሴትን ይመስላል። ዓባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ በምሥራቅና በደቡብ ይዞረዋል። ደብረ ማርቆስ በ2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ የጮቄም ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከደጀን እስከ ዓባይ ወንዝ ያለው ቁልቁለት ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ላይኛው ብርድ ነው፤ ታችኛው የበረሃ ሙቀት ነው።

በኢትዮጵያ ደጋ የሚኖር አንድ ትንሽ እስስት አለ። ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር እምብዛም አያልፍም። ሩፔል የተባለ የጀርመን ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1845 ዓ.ም. ስሙንና መልኩን ጽፎ አስታወቀ። ኑሮው በቁጥቋጦና በአጥር ላይ ነው።

የእስስት አካል የሚያስደንቅ ነው። ጣቶቹ በሁለት ወገን ተከፍለው ቅርንጫፍን እንደ ጉጠት ይይዛሉ። ጅራቱም ተጠምጥሞ ይረዳዋል። ሁለቱ ዓይኖቹ ለየብቻ ይዞራሉ፤ ስለዚህ አንዱ ወደ ፊት ሲያይ ሁለተኛው ወደ ኋላ ያያል። እርምጃው እጅግ የዘገየ ነው፤ ምላሱ ግን እንደ ቀስት ተወርውሮ ዝንቡንና ፌንጣውን ይይዛል።

ብዙ ሰዎች እስስትን ይፈራሉ። መርዝ አለው ይላሉ፤ ቃሉ የማይጸና ሰውንም እስስት ብለው ይሰድቡታል። ነገር ግን እስስት መርዝ የለውም። ሲፈራ ሰውነቱን ይነፋል፥ አፉን ይከፍታል፥ እፍ ይላል፤ ይህም ጠላቱን ለማስፈራራት ነው። መልኩንም የሚለውጠው ሰውን ለማታለል አይደለም። ሲቆጣ፥ ሲፈራ፥ ሲበርደው ወይም ፀሐይ ሲሞቅ መልኩ ይለወጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት አንድን የማዳጋስካር እስስት መርምረው ምክንያቱን ገለጡ። በቆዳው ውስጥ ብርሃንን የሚመልሱ እጅግ ደቃቅ የሆኑ ብልጭልጭ ቅንጣቶች አሉ። ቅንጣቶቹ ሲቀራረቡና ሲራራቁ የሚታየው ቀለም ይለወጣል።

እንግዲህ አንድ ልጅ እስስትን በአጥር ላይ ባየ ጊዜ ድንጋይ ቢያነሣ የሚገድለው ጠላቱን አይደለም፤ በጓሮው ያለውን ተባይ የሚለቅምለትን ነው። ቁጥቋጦውም ሁሉ ለማገዶ ቢቆረጥ እስስቱ ማደሪያ አያገኝም። ከአንድ ደጋ ፈጽሞ ቢጠፋ በሸዋ ደጋ ያለው ወገኑ መጥቶ በቀላሉ አይተካውም፤ በመካከል ያለው የዓባይ በረሃ ለእርሱ እንደ ባሕር ነውና። በማዮርካና በሜኖርካ የሆነው ይህ ነው፤ የጠፋችው እንሽላሊት ወደ ሁለቱ ደሴቶች አልተመለሰችም።

ሰው የማያውቀውን ነገር ይፈራል፤ የሚፈራውንም ለመግደል ይቸኩላል። አስተዋይ ልጅ ግን አስቀድሞ ቆሞ ይመለከታል፥ ይጠይቃል፥ ይማራል። ከዚያም በኋላ እጁን ከድንጋዩ ያነሣል።