ከኦፕራሲዮን በኋላ ጡንቻን ስለ ማበርታት

አበበ ቢቂላ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው፥ የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ከተደረገለት 6 ሳምንት ሳይሞላው ነው። ብርቱ ሯጭ ስለ ነበር ሌላው ሰው በእርሱ አይለካም። ሆኖም ዝም ብሎ መተኛት ጡንቻን ያመነምናል፤ ደምንም በእግር ውስጥ ሊያረጋ ይችላል። በሰቆጣ ዳገት ለሚያርስ ገበሬ ይህ የዓመት ቀለብ ጉዳይ ነው።

መፍትሔው መሣሪያ አይሻም። ሐኪም ሲፈቅድ፥ በመደብ ላይ እግርን ዘርግቶ ጉልበትን ወደ ታች በመጫን የጭንን ጡንቻ ለ5 ሰኮንድ ማጠንከር፥ ከዚያም ማላላት ነው። መገጣጠሚያው ሳይንቀሳቀስ ጡንቻው ይሠራል። ትንፋሽን ማፈን ግን የደምን ግፊት ከፍ ስለሚያደርግና የሆድን ቁስል ስለሚወጥር አይገባም። ቀጥሎ ከመደብ መነሣትና መቀመጥ፥ በመጨረሻም ዳገት መውጣት ይከተላል። ቁስሉ ቢያብጥ ወይም ቢደማ ወዲያው አቁሞ ሐኪምን ማማከር ይገባል።