ለዘመነ ጡረታ ቤት በጅግጅጋ

በሚኒሶታ ወይም በለንደን የሥራ ዘመኑን ፈጽሞ ቀሪ ዕድሜውን በዘመዶቹ መካከል በዕረፍት ሊያሳልፍ ወደ ጅግጅጋ የሚመለስ አረጋዊ፣ የውጭ ዜግነት ቢኖረው እንኳ፣ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የሚሰጠውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሕዝቡ ቢጫ ካርድ የሚለውን፣ አስቀድሞ ከያዘ ያለ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ መቀመጥ ይቻለዋል።

ቤቱን ግን በሩቅ ሆኖ በስልክ አይከራይ፤ አስቀድሞ በዘመድ ቤት በእንግድነት ሰንብቶ፣ ይልቁንም ዝናብ በራቀበት በበጋ ወራት፣ የግቢውን የውኃ ማጠራቀሚያ ራሱ ከፍቶ ይመልከት፤ በዚያ አገር ከሳሎኑ ስፋትና ከበሩ ጌጥ ይልቅ ውኃው ይቀድማልና፣ በቦቴ የሚመጣውም (ይህን አከራይ ከቶ አይናገርም) ከኪራዩ በላይ ሌላ ወጪ ነው። የኪራዩን ዘመንና ቅድሚያ ክፍያውን በጽሑፍና በምስክር ያጽና። ከጅግጅጋ ውጭ ቤት ለመፈለግ የሚያስብ ቢኖር ደግሞ፣ ቶጎ ውጫሌ የጠረፍ ገበያ ናትና፣ ጸጥታ ለሚሻ ሽማግሌ እኔ አልመርጣትም።