አንገት የሚያስደፋው በሽታ

ልጁ ገበታ ላይ ቀርቧል። ጉርሻውን ወደ አፉ ሊያደርስ ሲል አንገቱ ይዝልና አገጩ ደረቱን ይነካል። ቀና ይላል፤ መልሶ ይደፋል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ5 እስከ 20 ጊዜ እንዲህ ይሆናል። ዓይኑ እንደተገለጠ ነው፤ እናቱ ስትጠራው ግን አይመልስም። ምግብ ማየትና ብርድ ሕመሙን ስለሚቀሰቅሱበት ከገበታው ሳይጠግብ ይነሣል፤ ይከሳል፣ ዕድገቱ ይቀጭጫል፣ ከትምህርቱም ወደኋላ ይቀራል። ውሎ አድሮ መላ ሰውነትን የሚያንፈራፍር የሚጥል በሽታ ይከተላል።

ሐኪሞች «ኖዲንግ ሲንድረም» ይሉታል። በደቡብ ሱዳን ምዕራብ ኢኳቶሪያ ግዛት፣ በተለይም በሙንድሪና በማሪዲ፣ ብዙ ቤተሰብ ያውቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 ሙንድሪ ሄደው ነበር። አገሪቱ ነፃነቷን ባወጀችበት በ2011 ደግሞ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባለሙያዎች በዊቶና በሉዪ ልጆችን መረመሩ። ስሙ በዓለም ተሰማ። ለታማሚዎቹ ግን የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነበር፦ በየወሩ የማይቋረጥ ክኒን።

ወንዙና ጥቁሩ ዝንብ

ከዋና ከተማዋ ጁባ ወደ ምዕራብ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው ማሪዲ ይደርሳል። በ2018 እዚያ ቤት ለቤት በተደረገ ጥናት 17,652 ሰዎች ተጠይቀው የሚጥል በሽታ ያለባቸው 4.4 በመቶ ሆነው ተገኙ። ካዛና ሁለት በተባለው ሰፈር ቁጥሩ 11.9 በመቶ ደረሰ። የዚህን ክብደት ለመረዳት ወደ አገራችን እንመለስ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለኃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ በቡታጅራ አካባቢ ከ60,000 በላይ ሰው አጥንተው ያገኙት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉን ነው። በማሪዲ ከ1,000 ሰው 44 ናቸው።

ምክንያቱ ወደ ወንዙ ይመራል። ካዛና ሁለት የማሪዲ ግድብ ጎረቤት ነው። ከግድቡ ማፍሰሻ በኃይል የሚወርደው ውኃ ለጥቁር ዝንብ መራቢያ ይመቻል፤ እጮቹ በውኃው ውስጥ በተዘረጋው ሣርና ቅጠል ላይ ተለጥፈው ያድጋሉ። ዝንቧ ስትነክስ የኦንኮሰርኪያሲስን ትል ታስተላልፋለች። እኛ ዘንድ በከፋ፣ በጅማና በመተከል ቆዳ በማሳከክና ዓይን በማጥፋት የሚታወቀው ያው በሽታ ነው። ትሉ አንጎልን የሚጎዳበት መንገድ ገና እየተመረመረ ቢሆንም፣ ትሉ በበዛበት አካባቢ የሚጥል በሽታም እንደሚበዛ በተደጋጋሚ ታይቷል።

መከላከያው የሚያስደንቅ ቀላልነት አለው። የማሪዲ ሰዎች ከ2019 ጀምሮ ግድቡ ማፍሰሻ ላይ የበቀለውን ሣር ያጭዳሉ፤ እጩ መለጠፊያ ሲያጣ ይሞታል። ሁለተኛው መሣሪያ አይቨርሜክቲን ነው፤ የአገራችን ገበሬ «መክቲዛን» የሚለው ክኒን። አዳዩ ምልክት የተደረገበትን ዘንግ አቁሞ ሰውን በቁመቱ ይለካል፤ እንደ ቁመቱም ከአንድ እስከ አራት ክኒን ያስውጠዋል። ከ90 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን አይሰጠውም። በማሪዲ ከ2021 ጀምሮ ዕደላው በዓመት ሁለት ጊዜ ሆነ። ውጤቱ? በ2018 በዓመት ከ100,000 ሰው 349 ያህሉን አዲስ ይይዝ የነበረው የሚጥል በሽታ በ2022 ወደ 42 ገደማ ወረደ።

ክኒኑ ሲቋረጥ

እንግዲህ ዕውቀቱም መድኃኒቱም አለ። የሚጎድለው ቀጣይነት ነው። አይቨርሜክቲን የሚገድለው ትንንሾቹን ትሎች እንጂ እናቲቱን አይደለም፤ እሷ ከ10 እስከ 15 ዓመት ስለምትኖር ዕደላው ያን ያህል ዘመን ሳይታጠፍ መዝለቅ አለበት። በታኅሣሥ 2013 ጁባ ውስጥ የተነሣው ጦርነት ወደ ምዕራብ ኢኳቶሪያ ሲደርስ ዕደላው ተቋረጠ፤ የጥይት ድምፅ ባልሰሙ ሕፃናት አንጎል ላይ ሳይቀር የጦርነቱ ጠባሳ አረፈ።

ቀድሞ ለታመመው ደግሞ መቋረጥ የባሰ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ማንፈራፈሩ በኃይል ይመለሳል፤ እስከ ሞትም ያደርሳል። በ2020 አምሬፍ የተባለው የጤና እርዳታ ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር በማሪዲ ሆስፒታል የሚጥል በሽታ ክሊኒክ ከፍቷል። ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ክኒን በእርዳታ ፕሮጀክት ዕድሜ ሊለካ አይገባም።

መድኃኒቱ ውድ ነው እንዳይባል፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነውን ፌኖባርቢታልን ከሌላ ሕመም መድኃኒቶች ጋር እናነጻጽር። መልቲፕል ስክለሮሲስ በዓለም ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን የያዘ ሌላ የነርቭ ሕመም ነው፤ ለእሱ የሚሰጡ መድኃኒቶች ውድ ናቸው፤ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገቡትም ገና በ2023 ነው። ፌኖባርቢታል ግን ከ1912 ጀምሮ የሚጥል በሽታን ያስታግሣል፣ በ1977 በወጣው የመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥም ነበር፣ ዋጋውም እጅግ ርካሽ ነው። አንድ መንግሥት ይህን ማቅረብ ካቃተው፣ በዊልቸር ላይ ላለው የመልቲፕል ስክለሮሲስ ታማሚ ምን ተስፋ አለው? የአፍሪካ መሪዎች በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተዋል። ጁባ ለጤና የምትመድበው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

ጸሐፊው የሚለው አንድ ነገር ነው፦ የጁባ መንግሥት ለሚጥል በሽታ መድኃኒትና ለአይቨርሜክቲን ዕደላ በየዓመቱ የማይነካ በጀት ይያዝ። የማሪዲ ሕዝብ ማጭዱን ይዞ ድርሻውን ተወጥቷል።

እኛም ድርሻ አለን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ ጓዳ የምንደብቅ እኛው ነን። ሰው ፊታችሁ ሲወድቅ አትሽሹ፤ በሽታው በንክኪ አይተላለፍም። ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። እሳትና ስለት አርቁለት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ በጎኑ አስተኙት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሲነቃ የሚያየው የመጀመሪያ ነገር የሚያዝንለት ሰው ፊት ይሁን።