ክንድና ሜትር በሞላሌ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ መንዝ የሚጓዝ ሰው ሞላሌ ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀበለው ብርዱ ነው። አገሩ ደጋ፣ ሰብሉ ገብስ፣ ሀብቱ በግ ነው። ሴቶቹ ጠጕሩን ይፈትላሉ፤ ወንዶቹም ባና ይሠራሉ። የዚህ አገር ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ባዶውን የሚመጣ እንዳይመስለን። መንጋ ቈጥሮ ያውቃል፤ የጐደለችውንም በግ ማንም ሳይነግረው ይለያል።

ታዲያ ይህ ልጅ ማባዛትን ሲማር በመጽሐፉ የተሣለው ዓይቶት የማያውቀው ነገር የሆነ እንደ ሆነ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ችግር ይገጥመዋል፤ አንዱ ቍጥሩ፣ ሁለተኛው ሥዕሉ።

ነገሩ ዛሬ የታሰበ አይደለም። በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሰበሰቡት የአፍሪካ መንግሥታት መልእክተኞች፣ ትምህርቱ ከአፍሪካ ኑሮ ጋራ እንዲስማማ መክረው ነበር። በአገራችንም የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ክልሎች የአንደኛ ደረጃ መጻሕፍትን በየቋንቋቸው እንዲያዘጋጁ ፈቀደ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 6 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 2 ዓመት መካከለኛ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ የሆነው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ተጀመረ።

ሥርዓተ ትምህርት ማለት ተማሪው በየክፍሉ ሊያውቀው የሚገባው ተወስኖ የተጻፈበት መለኪያ ነው። መለኪያው የሞላሌውንም የአዲስ አበባውንም ልጅ እኩል ይጠይቃል። ጥያቄውም ቀላል አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ አስተማሪው ምን ያድርግ? አንድ ባና ወደ ክፍል ያስገባና ልጆቹ በክንዳቸው ይለኩት። አንዱ ስምንት፣ ሌላው ሰባት ይላል፤ የአስተማሪው ክንድ ደግሞ ስድስት ያወጣል። ክርክር ይነሣል። ያን ጊዜ ሜትሩን ቢያወጣ፣ የዓለም ሕዝብ በአንድ መለኪያ የተስማማበት ምክንያት ያለ ብዙ ንግግር ይገባቸዋል። የጓሣ ሣርም እንዲሁ ነው፤ የመንዝ ሰው ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚፈልገውን ሣር በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ መጠበቁ የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ይሆናል። በየትምህርት ቤቱ የሚቋቋመው የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከልም ሥራው በአገር ከሚገኝ ጭቃ፣ እንጨትና ጠጕር መርጃ መሣሪያ ማዘጋጀት ነው።

ይህን ስንል መጽሐፍ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ባናው መጽሐፉን ያስረዳል እንጂ አይተካውም፤ መጽሐፍ ያላገኘ ልጅ ባገኘው ልጅ መለኪያ ሲመዘን ፍርዱ ትክክል አይሆንም። ነገ አስተማሪ ወይም የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ የምትሆኑ ወጣቶች ሆይ፣ ሜትሩ ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ነገር ግን ልጁ መለካት የሚጀምረው በገዛ ክንዱ መሆኑን አትርሱ።