የጺም ሳሙና በቤት ውስጥ፦ አረፋው ከየት ይመጣል?

ከተላጩ በማግስቱ አንገታቸውና አገጫቸው ስር ትንንሽ እብጠት የሚወጣባቸው ወንዶች በማኅበራችን ውስጥ ጥቂት አይደሉም። አንዳንዶቹ ባለ አምስት ስለት ምላጭ ገዝተው ይሞክራሉ፣ ይብስባቸዋል። ሌሎቹ በቆርቆሮ የሚሸጠውን አረፋ ይቀያይራሉ። በዚህ ሰሞን ደግሞ “ሳሙናውን ራሳችን ብንሠራውስ?” የሚል ጥያቄ በዝቷል። ይቻላል፤ ውድም አይደለም። ነገር ግን የጺም ሳሙና እንደ ማንኛውም ሳሙና አይሠራም፤ ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱም ቆዳን የሚበላ ኬሚካል ነው። ስለዚህ ሚዛን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡት።

መጀመሪያ ስለ እብጠቱ። የብዙዎቻችን ጺም ጥቅልል ነው። ጥቅልል ጸጉር በስለት ሲቆረጥ ጫፉ ይሾላል፤ ሲያድግም ቀጥ ብሎ በመውጣት ፋንታ ታጥፎ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ሰውነት የራሱን ጸጉር እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ይዋጋዋል፤ እብጠቱ፣ ማሳከኩና ቆይቶ የሚቀረው ጥቁር ነጥብ የሚመጣው ከዚያ ነው። የሕክምና ስሙ ሱዶፎሊኩላይተስ ባርቤ ነው። ባለ ብዙ ስለት ምላጭ የሚያባብሰው ደግሞ የመጀመሪያው ስለት ጸጉሩን ስቦ ሲያወጣ ቀጣዩ ስለት ከቆዳው ወለል በታች ስለሚቆርጠው ነው። የተቆረጠው ጸጉር ወደ ቦታው ሲመለስ ከቆዳ ስር ይቀራል፤ ያድግና መውጫ ያጣል።

ይህን በሽታ ሳሙና አያድንም። እቤት የተሠራ ሳሙና ያድናል ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለም አትመኑት። የሳሙናው ሥራ ሌላ ነው። ጸጉር ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ በደንብ ለመለስለስ ግን ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል። ጥሩ አረፋ ያንን ውሃ ጸጉሩ ላይ ይዞ ያቆያል፣ በስለቱና በቆዳው መካከልም ይገባል። የለሰለሰ ጸጉር በቀላል ግፊት ይቆረጣል፣ አንዱን ቦታ ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ ይቀራል። ሳሙናው የሚጠቅመው እስከዚህ ድረስ ነው፤ ጺሙ ጥቅልል ለሆነ ሰው ግን ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም።

የእጅ ሳሙና ለምን አይሆንም? እሱ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው እንደ ፓልምና ኮኮናት ካሉ ዘይቶችና ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ አገር ቤት ኮስቲክ ሶዳ ከምንለው ነገር ነው። አረፋው ትልልቅ ነው፣ ግን ፊት ላይ ሳይቆይ ይጠፋል። የጺም ሳሙና ሁለት ልዩነት አለው። አንደኛው ስቴሪክ አሲድ ነው፤ ከላም ሞራ ወይም ከፓልም ዘይት የሚወጣ፣ እንደ ሻማ ያለ ነጭ ጠጣር ቅባት። አረፋውን እንደ ተመታ ክሬም ጥቅጥቅ ያለና የማይበተን የሚያደርገው እሱ ነው። (ከእንስሳ የመጣውን የማይፈልግ ሰው ሲገዛ ከዕፅዋት የተሠራ የሚለውን ይምረጥ።) ሁለተኛው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ስቴሪክ አሲድ ከሶዲየም ጋር ብቻ ከተዋሐደ እንደ ድንጋይ የጠነከረና በውሃ በቀላሉ የማይሟሟ ሳሙና ይሆናል። ከፖታሲየም ጋር ብቻ ከሆነ ደግሞ ለስላሳ ክሬም ይወጣል። ሁለቱ ሲደባለቁ በብሩሽ ሲታሽ ቶሎ የሚሟሟ፣ ግን ቅርጹን የሚይዝ ሳሙና ይገኛል። ፖታሲየም ስሙን ያገኘው ከእንጨት አመድ ነው፤ የድሮ ሰዎች በአመድ ውሃ የሠሩት ሳሙና ለስላሳ የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

“አረፋ ከሆነ የሚፈለገው እንዶድ አለ አይደል?” የሚል አይጠፋም። እንዶድ በእርግጥ አረፋ ያወጣል፤ ሳፖኒን የሚባል ነገር አለው። ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አድዋ ላይ ያስተዋሉት፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን ነበር፤ ቢልሃርዝያን ለመከላከል የተደረገው ምርምር ከዚያ ተነሣ። ቀንድ አውጣ የሚገድልና ዓይን የሚቆጠቁጥ ነገር ግን አሁን በምላጭ ለተፋቀ ፊት አይሆንም። ለነጠላ ይቆይ።

አሁን ወደ ሥራው። ለ300 ግራም ቅባት፦ ስቴሪክ አሲድ 150 ግራም፣ የኮኮናት ዘይት 60 ግራም፣ ሺአ ቅቤ 60 ግራም፣ የጉሎ ዘይት 30 ግራም። ሺአ የሚወጣበት ዛፍ በጋምቤላም ይበቅላል፤ ጉሎን ደግሞ አገር ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ለዚህ መጠን 38 ግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ (ንጽሕናው 90 በመቶ የሆነው፣ በብዛት የሚሸጠው)፣ 17 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና 120 ግራም የተጣራ ውሃ ያስፈልጋል። ይህ ከቅባቱ 5 በመቶ ያህሉ ሳሙና ሳይሆን እንዲቀር ታስቦ የተሰላ ነው፤ ያ ትርፍ ቅባት ቆዳን ይጠብቃል፣ ለትንሽ የሚዛን ስህተትም መጠባበቂያ ይሆናል። የገዛችሁት ፖታሲየም ንጽሕናው የተለየ ከሆነ ወይም አንዱን ዘይት ከቀየራችሁ ይህ ቁጥር አይሠራም፤ የሳሙና ማስሊያ ላይ አስገብታችሁ እንደ አዲስ አስሉት። በማንኪያና በስኒ መለካት ፈጽሞ አይሆንም። ግራምን እስከ ነጥብ አንድ የሚያነብ ሚዛን ተበደሩ።

ነርሲንግ ስለምማር እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትፍረዱብኝ። እነዚህ ሁለት ሃይድሮክሳይዶች ዘይትን ሳሙና እንደሚያደርጉት የቆዳችንንም ቅባት ሳሙና ያደርጋሉ። አልካሊ ያቃጠለው ቆዳ ከሌላው ቃጠሎ የሚከፋው ለዚህ ነው፤ ሕብረ ሕዋሱን እያሟሟ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ መጀመሪያ ላይ ብዙም ስለማያም ሰው ችላ ይለዋል። ጣታችሁ ላይ የሚያንሸራትት ስሜት ከተሰማችሁ ቆዳችሁ ሳሙና መሆን ጀምሯል ማለት ነው። ወዲያው የነካውን ልብስ አውልቁና በሚፈስ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ እጠቡ። ኮምጣጤ አታፍሱበት፤ አሲድና አልካሊ ሲገናኙ ሙቀት ይፈጥራሉ፣ እጥበቱንም ያዘገያል። ዓይን ከነካ ዓይኑን ገልጣችሁ እያጠባችሁ አምቡላንስ ይጠራ። ሲሠራ ረጅም ጓንት፣ ዙሪያውን የሚገጥም መነጽርና እጀ ሙሉ ልብስ ይለበሳል፤ መስኮት ይከፈታል፤ ልጅና ድመት ከኩሽና ይወጣሉ። ሁልጊዜ ዱቄቱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ዱቄቱ አይፈስም፤ ከተገለበጠ ፈልቶ ይረጫል።

አንድ የእኛ ቤት ጉዳይ አለ። እናቶቻችን ከአዲስ አበባ በሻንጣ ያመጡት ብረት ድስት ስሙ ብረት ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። አልካሊ አሉሚኒየምን ይበላል፣ ሃይድሮጂን ጋዝም ያወጣል። የማይዝግ ብረት ድስት ብቻ ተጠቀሙ፤ ውሃውንና ዱቄቱን ለመበጥበጥ ደግሞ ሙቀት የሚችል ወፍራም ፕላስቲክ ማሰሮ። የጋራ በሆነ የዶርም ኩሽና ይህን እንድትሠሩ አልመክርም፤ ማን መጥቶ ምን እንደሚነካ አይታወቅም።

ቅባቶቹን ድስቱ ውስጥ አድርጋችሁ በፈላ ውሃ ላይ አስቀምጡና አቅልጡ። ስቴሪክ አሲድ የሚቀልጠው 70 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ ከዚያ በታች እንዲወርድ አትፍቀዱ። የተበጠበጠውን አልካሊ በቀስታ እያፈሰሳችሁ በማንኪያ አማስሉ። የእጅ ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ድብልቁ እስኪወፍር ይጠብቃሉ፤ ይህኛው ግን በደቂቃ ውስጥ ገንፎ ይሆናል። አትደንግጡ፣ የስቴሪክ አሲድ ጠባዩ ነው። ገንፎ እንደምታገነፉ ከታች ወደ ላይ እያገላበጣችሁ፣ ክዳኑን እየገጠማችሁ አንድ ሰዓት ያህል በእንፋሎቱ ላይ አብስሉት። ነጭ ጉብታዎቹ ጠፍተው ወጥ የሆነ፣ ትንሽ የሚያብረቀርቅ ሊጥ ሲሆን አውርዱና 15 ግራም ግሊሰሪን ጨምሩ። አንዳንዶች መድረሱን በምላስ ነክተው ያውቃሉ፤ እኔ ግን ምላሴን እወደዋለሁ። ትንሽ ቁራጭ በተጣራ ውሃ አሟሙታችሁ በፒኤች ወረቀት ለኩ። 9 ወይም 10 የሳሙና ወግ ነው። 12 ካሳየ አልካሊው አልተጠቀመም፤ ጨምራችሁ አብስሉ፣ ካልወረደ ይጣል እንጂ ፊት አይንካ።

ሽቶ ባይገባበት ይሻላል። የግድ ከሆነ ለዚህ መጠን ከ3 ግራም አይበልጥ። ቅርንፉድና ቀረፋ ለሻይ ደስ ይላሉ፤ ዘይታቸው ግን ለተላጨ ቆዳ ከባድ ነው። ሊጡን ሰፋ ያለ ስኒ ውስጥ ጠቅጥቁት። በማግስቱ መጠቀም ይቻላል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢደርቅ ደግሞ አረፋው ይሻሻላል።

አጠቃቀሙም እንደ አሠራሩ ትዕግሥት ይፈልጋል። ፊትን በሞቀ ውሃ ማራስ፣ እርጥብ ብሩሽ ሳሙናው ላይ ለግማሽ ደቂቃ ማሽከርከር፣ ከዚያ ፊት ላይ ጠብ ጠብ ውሃ እየጨመሩ አረፋውን መገንባት። ባለ አንድ ስለት ምላጭ፣ ጸጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ፣ ቆዳውን ሳይወጥሩ። እብጠቱ አሁን ያለበት፣ መግል የያዘ ወይም ጠባሳው እያበጠ የሚያድግበት ሰው ግን ሳሙናውን ለጓደኛው ሰጥቶ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ለአራት ሳምንት ያህል ምላጭ ሳያስነኩ ጺምን ማሳደግ፣ ወይም በማሽን አንድ ሚሊሜትር ያህል አስቀርቶ መከርከም ከየትኛውም ሳሙና በላይ ይረዳል። የሥራ ቦታችሁ ጺም የማይፈቅድ ከሆነ ሐኪሙ የሚጽፈው ወረቀት አለ፤ ጠይቁት።