አዲስ አበባ ላይ የታወጀ ቀን

የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት በየዓመቱ ጥር መጨረሻ ላይ በዓለም ዙሪያ የሚታሰብ ቀን አለ። ኒው ዮርክ ወይም ጄኔቫ የተሰየመ የሚመስለው ብዙ ነው። የታወጀው ግን እዚሁ አዲስ አበባ፣ ጥር 29 ቀን 1995 ዓ.ም. በተካሄደ ጉባኤ ላይ ነው፤ ያወጁትም የያኔው የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ባለቤት ስቴላ ኦባሳንጆ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ዘግይቶ ተቀበለው። ጉባኤውን የጠራው በምሕጻረ ቃል አይ.ኤ.ሲ. የሚባለው፣ ሴቶችንና ሕፃናትን የሚጎዱ ልማዶችን የሚታገለው የአፍሪካ አገሮች ኮሚቴ ነበር፤ ዋና መሥሪያ ቤቱን ያደረገውም በከተማችን ነው።

ኮሚቴው በ1976 ዓ.ም. ዳካር ላይ ተቋቋመ፤ ለረጅም ዘመን የመሩትም ኢትዮጵያዊቷ ወ/ሮ ብርሃኔ ራስወርቅ ናቸው። አጀማመሩን ለመረዳት አራት ዓመት ወደ ኋላ፣ ወደ ኮፐንሃገኑ የሴቶች ጉባኤ መመለስ ይበጃል። እዚያ የምዕራባውያን ሴቶች ስለ ግርዛት አፍሪካውያኑን ሳያማክሩ ሲናገሩ ብዙዎቹ ተቆጡ። ግርዛቱ ይቅር በሚለው አልተጣሉም፤ የተጣሉት በተናጋሪው ነው። በእኔ ግምት የዳካሩ ኮሚቴ ለዚያ ቁጣ የተሰጠ ምርጡ መልስ ነው።

አካሄዱ ከየአገሩ ብሔራዊ ኮሚቴ ጋር መሥራት ነው። የእኛው ኋላ ላይ የኢትዮጵያ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ማኅበር ተባለ። ገራዧ ብዙ ጊዜ የመንደሩ አዋላጅም ናት፤ ገቢዋም ክብሯም ከዚሁ ስለሚገኝ ምክር ብቻ ምላጯን አያስጥላትም። ስለዚህ ሌላ መተዳደሪያ እንድታገኝ ማሠልጠን የሥራው አካል ሆነ። የሃይማኖት አባቶችንም ማሳመን ያስፈልግ ነበር። መርካቶ ላይ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ ጎረቤታሞች እንደሆኑ ሁሉ፣ ይህም ልማድ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት አለ፤ አማራ ክልል ውስጥ ብዙ ጊዜ በጨቅላነት ይፈጸማል፣ በአፋርና በሶማሌ ደግሞ እስከ መስፋት ይደርሳል።

በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ግርዛትን ቢያንስ በሦስት ወር እስራት ወይም በ500 ብር መቀጮ፣ በአንቀጽ 566 ደግሞ መስፋትን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። የመጀመሪያው ቅጣት ቀላል ነው፤ ያም ሆኖ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች የተገረዙት በ1992 ዓ.ም. 80 በመቶ የነበሩት በ2008 ዓ.ም. ወደ 65 በመቶ ወርደዋል።

ሕግ ግን ድንበር ላይ ይቆማል፤ ዘመድ አይቆምም። እዚህ የተከለከለውን ድርጊት፣ ልጁን ወዲያ ማዶ ወስዶ የሚያስፈጽም ወላጅ አለ። ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ሶማሊያና ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ሞምባሳ ላይ የመከሩት በዚሁ ጉዳይ ነው።