ፓስታ በፍየል መረቅ፤ ለልጅም ለአያትም

ጅግጅጋ ምሳ ቤት ገብቶ ሩዝ ወይም ፓስታ ያዘዘ ሰው ብዙ ጊዜ ከምግቡ አስቀድሞ ትኩስ መረቅ ይቀርብለታል፤ ሎሚና ሙዝም ከጎኑ ይመጣሉ። በሶማሊኛም በአማርኛም መረቅ መረቅ ነው፤ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ፓስታው ግን ከጣሊያን የመጣ እንግዳ ነው። ሶማሊኛ «ፐ» የሚል ድምፅ ስለሌለው «ባስቶ» ተብሎ ቀረ።

ሁለቱን በአንድ ሳህን ማቅረብ ለቤት ይመቻል፤ በተለይ ሥጋ አኝኩ ሲባሉ ለሚያለቅሱ ሕፃናትና ጥርሳቸው ለደከመ አዛውንት። ፊሊፒንስ ውስጥ ኢሎይሎ በተባለ ከተማ፣ ላፓዝ ሰፈር፣ «ባቾይ» የሚሉት የታወቀ ሾርባ አለ። ፓስታ መሰል ቀጭን ሊጥ፣ የአጥንት መረቅና የአሳማ ሆድ ዕቃ ነው። እኛ ዘንድ ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም አሳማ ስለማይበላ ፍየል ቦታውን ይይዛል፤ ጣዕሙም አያሳፍርም።

ለ6 ሰው 1 ኪሎ ግራም የፍየል ቅልጥምና አንገት ይበቃል። አጥንቱን አጥበው በ3 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ይጣዱት። መፍላት ሲጀምር ከላይ የሚወጣውን አረፋ በማንኪያ እየገፈፉ ይጣሉ፤ ይህን የዘለለ ሰው መረቁ ይደፈርስበታል። ከዚያ ለሁለት የተከፈለ ሽንኩርት፣ 5 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮትና አንድ ቲማቲም ይጨምሩ። እሳቱን ቀንሰው ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ይተዉት። ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሥጋው የሚዘገየው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

የሶማሌን ጣዕም የሚሰጠው «ሐዋሽ» የተባለው ቅመም ነው፦ ከሙን፣ የድንብላል ፍሬ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል ተቆልተው ይፈጫሉ፤ እርድም ይገባበታል። ለዚህ ድስት አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ፣ ሊወጣ 30 ደቂቃ ሲቀረው። ቅርንፉዱን ካበዙት ሌላው ሁሉ ይጠፋል።

ሥጋው ከአጥንቱ ሲላቀቅ አውጥተው በጣት ይፈልቅቁት። መረቁን ያጥልሉት፤ ስባሪ አጥንት ለሕፃን ጉሮሮ አደገኛ ነው። 250 ግራም ቀጭን ፓስታ ሰባብረው በሌላ ድስት ይቀቅሉና ሲቀርብ ብቻ ይቀላቅሉት። አብሮ ካደረ መረቁን ሁሉ ይጠጣዋል።

አሁን ወደ ሥጋው። በብዙ ቤት መረቁ ለልጁ፣ ሥጋው ለአዋቂው ይሰጣል፤ «ኃይሉ መረቁ ላይ ነው» እየተባለ። አያቶች ይቅር ይበሉኝና ይህ ልማድ ልጁን ይጎዳል። ፕሮቲኑና ብረቱ በአብዛኛው የሚቀረው ሥጋው ውስጥ ነው፤ ቀጭን መረቅ ትንሿን ሆድ በውኃ ሞልቶ ምግቡን ያስተወዋል። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ሥጋው በደንብ ደቅቆ፣ ከላመ ፓስታና ከጥቂት መረቅ ጋር ወፍራም ሆኖ ይሰጠው። ከፍ ላለው ልጅ የተፈለቀቀው ሥጋ በፓስታው ውስጥ ስለሚደበቅ ያለ ጭቅጭቅ ይወርዳል።

ጨው መጨረሻ ላይ ይግባ። አስቀድመው ግን የሕፃኑንና ደም ግፊት ያለባቸውን አያት ድርሻ ቀንሰው ያስቀምጡ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ከሱቅ የሚገዛ የሾርባ ኩብም ከዚሁ ሒሳብ ይቆጠራል።

የተረፈው መረቅ በጅግጅጋ ሙቀት ድስቱ ውስጥ አይደር። ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አብርደው ፍሪጅ ያስገቡት፤ በማግሥቱ እስኪንተከተክ ያፍሉት። ፍሪጅ ከሌለ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ይሥሩ።

ለአዋቂዎቹ «በስባስ» ይዘጋጅ፦ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የድንብላል ቅጠል፣ ሎሚና ትንሽ ጨው አብሮ ይፈጫል። ያቃጥላልና ሳህኑ ከልጆች ራቅ ይበል፤ ለእነሱ ሙዙ ይበቃቸዋል።